የአራተኛው ገንዳ ዓሦች

ሐሙስ

አራተኛውን ገንዳ አልቆጠርኩትም። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ከጆሃንስበርግ ለጥናት ወደ ባህር የወረድን ጊዜ ነው። ውሃው ሲሸሽ ዓለቱ ላይ ገንዳዎች ይቀራሉ፤ ሥራችን በየገንዳው ያሉትን ዓሦች መቁጠር ነው። ሦስቱን ተንበርክኬ ቆጠርኩ። አራተኛው ከዓለቱ ጫፍ፣ ባህሩ አፍ ላይ ነበር። ሆሳዕና ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ዋና አልችልም። ማዕበሉ ዓለቱን ሲመታ ወደ ኋላ ተመለስኩ። የሦስተኛውን ቁጥር ትንሽ ቀያይሬ በአራተኛው ረድፍ ሞላሁ። የጥናት ጓደኛዬ ኖሲፎ ማዶ ሆና የራሷን ትቆጥር ነበር። አላየችኝም።

ዓርብ

ኖሲፎ ሰንጠረዦቻችንን ጎን ለጎን ዘረጋች።

የእሷ፦ ፀሐይ የሚያሞቀው ላይኛው ገንዳ ሁለት ዓይነት ዓሣ ብቻ። ወደ ባህሩ ሲወረድ ዓይነቱ ይበዛል። ሆዱን ድንጋይ ላይ የሚያጣብቀው ዓሣ ከታችኛው በቀር የትም የለም።

የእኔ፦ አራተኛው በዓይነት የሦስተኛው ግልባጭ።

«ቡቲ፣ ያንተ ዓሦች ሰነፎች ናቸው፤ ሰፈር አይቀይሩም» ብላ ሳቀች፤ ቡቲ ወንድሜ ማለት ነው፣ ሁሌ እንዲህ ትለኛለች። ከዚያ ሳቋን ዋጠች። «ድንጋዮቹን ገልብጠህ አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

ሁለተኛ ውሸት። ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ያስፈራኝ መቅለሉ ነው። ሰኞ ጥናቱን ለምትመራው ፕሮፌሰር እናስረክባለን፤ የእሷ የኖሲፎም ስም አለበት።

እሑድ

ጆሃንስበርግ ተመልሰናል። ዱርንፎንቴን ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያን። በምስክርነት ሰዓት እህቴ ብርቄ ተነሣች። ጀርሚስተን ያለውን ሱቋን ዘግታ ነው የመጣችው።

«ዋና የማይችለውን ወንድሜን ባህር ውስጥ ጠብቆ፣ ሥራውን አስጨርሶ የመለሰ ጌታ ይባረክ!»

እልልታ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «አሜን» አልኩ። ይሄ ሦስተኛው ነው።

ታክሲ ስንጠብቅ «ምነው ፊትህ ጠቆረ? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ነገርኳት። ብዙ ታክሲ አለፈን።

«እኔ እኮ በጉባኤ ፊት አፌን ሞልቼ...» አለች። «ለልጅቷ ነገ ንገራት። እኔም በሚመጣው እሑድ ተነሥቼ፣ የመሰከርኩት ልክ አልነበረም እላለሁ።»

«እትዬ፣ እባክሽ ተዪው።»

«አልተውም። የመሰከርኩት እኔ ነኝ።»

ሰኞ

ለኖሲፎ ነገርኳት። ሰንጠረዡን ወደ እኔ ገፋችው።

«ሰርዘው። ራስህ።»

ሰረዝኩ። ከጎኑ «አልተቆጠረም» ብዬ ጻፍኩ።

«ለፕሮፌሰሯም የምትነግራት አንተ ነህ» አለች፤ ቡቲ አላለችኝም። ፕሮፌሰሯ ለነገ ጠዋት ቀጠረችኝ። ከጥናቱ ታስወጣኝ ይሆናል።

ብርቄ ደወለች። «ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«በል፣ እሑድ አብረን እንቆማለን።»

ቤሪያ ሰፈር፣ ክፍሌ ውስጥ፣ መስኮቴ ሥር ተቀምጫለሁ። ነገ የምናገረውን ልጽፍ ነበር። እጄ የሣለው ግን አራተኛውን ገንዳ ነው፤ አንድ ትልቅ ድንጋይ፣ ሥሩ ባዶ። እዚያ ምን ነበር?