የደባርቅ ላጉን በበቅሎ ስለመጠጣቱ

ቀን፦ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእግር ጉዞ መሪዎች የብቃት ምስክር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደባርቅ

ጉዳዩ፦ «ባሕር ዳርቻ መምራት አትችልም» ተብሎ የታገደብኝ የተራራ መሪነት ባጅ ከየካቲት 5 በፊት እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የከተማችን ብቸኛ ላጉን ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ባለቤቷ እስካሁን ባልታወቀች አንዲት በቅሎ ተጠጥቶ ማለቁን በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ላጉኑ በተፈጠረ ገና በሁለት ሰዓቱ ነው ያረፈው። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም፤ ከእኔ በቀር። የእኔን ጉዳት እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. እኔ እንዳለው ቢራራ በደባርቅና በዳባት ዙሪያ እንግዳ በእግር ስመራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም እንግዳ ገደል አልገባብኝም። አንዱ ብቻ ጭላዳ ፎቶ አነሣለሁ ሲል ሳማ ላይ ተቀምጧል፤ እሱም ይቅር ብሎኛል። አሁን የምቸኩለው ስለ ራሴ አይደለም። የካቲት 5 ቀን አንዲት የሰባ ስምንት ዓመት እናት የእናታቸውን መቃብር ሊያዩ ከባሕር ማዶ ይመጣሉ። መቃብሩን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ባጁ ያለው ግን ሌላ ሰው ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

2. ያለፉት ዓመታት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት እንግዳ ጠፍቶ ከረመ። ዘንድሮ «ተከፍቷል» ሲባል ጽ/ቤትዎ ባጅ ለማሳደስ ሥልጠናና ፈተና ግዴታ ነው አለን፤ ደስ ብሎን ሄድን። የሰነዱ ርእስ «ቀላል የባሕር ዳርቻ የእግር ጉዞ፦ በዳርቻ አሸዋ፣ በአሸዋ ክምርና በላጉን መካከል» ይላል። ላጉን ማለት፣ እንደተማርነው፣ አሸዋ ከባሕሩ ነጥሎ ያስቀረው ጥልቀት የሌለው ጨዋማ ውኃ ነው። የሌላ አገር ሰነድ በስህተት የመጣ መስሎን ሳቅን። አሠልጣኛችን ወ/ሪት እሌኒ ግን አልሳቁም። «ሞጁሉ ከላይ የመጣ ነው፤ እንዳለ ይሰጣል» አሉን። ለእኛ ለደባርቅ ሰዎች ከላይ የሚመጣው በረዶ ነው፤ እሱንም እንዳለ ነው የምንቀበለው። ስለዚህ አንገታችንን ደፍተን ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ማዕበል ጻፍን። ከሊማሊሞ በኩል ጭጋግ ሲነሣ መሪ ምን እንደሚያደርግ አንድ መስመር አልነበረበትም።

3. በጽሑፍ ፈተናው ላይ «ድንገት ማዕበል ቢነሣ መሪው ምን ያደርጋል?» ለሚለው ጥያቄ «ደባርቅ ላይ ማዕበል ከደረሰ የሚጠየቀው ኖኅ እንጂ እኔ አይደለሁም» ብዬ ጽፌአለሁ። ይህን መጻፍ እንዳልነበረብኝ ባለቤቴ ስጦታ ከጽ/ቤትዎ ቀድማ፣ ከጽ/ቤትዎም አጥብቃ ነግራኛለች። ጥፋቴን አምናለሁ። «በዳርቻ አሸዋ ላይ ለደካማ ሰው የሚቀለው የቱ ጋ ነው?» ለሚለው ግን በቁም ነገር «ውኃው ልሶት በተመለሰው እርጥብ አሸዋ ላይ» ብዬ መለስኩ። ይኸም ስህተት ተባለ። ወ/ሪት እሌኒ «ከየት አመጣኸው? ሞጁሉ ላይ የለም» ሲሉኝ «በየቀኑ እዚያው ላይ ከሚሄዱ ሰው ጠይቄ ነው» አልኳቸው። በቀይ እስክሪብቶ «ከሞጁሉ ውጭ» ተብሎ ተሰረዘ። የጠየቅኳቸው ሰው እኒያው የሚመጡት እናት ናቸው።

4. ወ/ሮ አገርነሽ ያየህ ከዳባት በታች ሾላ ውኃ በምትባል መንደር የእኛ ጎረቤት ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችን በእግራቸው ወደ ሱዳን ሲወጡ አብረው ሄዱ። እናታቸው እማማ ጤናዬ ግን እግራቸው እምቢ ስላለ ቀሩ። አደራውን አባቴ ተቀበለ። በሁለተኛው ዓመት ሲያርፉም በመንደሯ ዳገት ላይ የቀበራቸው አባቴ ነው፤ ድንጋይ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ሸክላ ሠሪ ነበሩና በራስጌያቸው የእጃቸው ሥራ የሆነ የገንቦ አንገት ተከልን። ጽሑፍ የለውም። አባቴም አርፏል። ያቺን የገንቦ አንገት ዛሬ በሕይወት ካለ ሰው የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ። ክረምት በወጣ ቁጥር ወርጄ ከብት የበተነውን ድንጋይ መልሼ እከምራለሁ፤ ለዚህ ሥራ እስካሁን ባጅ የጠየቀኝ የለም።

ወ/ሮ አገርነሽ አሁን የሚኖሩት እስራኤል ውስጥ ባሕር ዳር ባለ ከተማ ነው። ዳገቷን ለመውጣት ጉልበታቸውን ያበርታ ብሎ ሐኪም ያዘዘላቸው ምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ፣ ክቡር ሆይ፣ ቀላል የባሕር ዳርቻ የእግር ጉዞ ነው። በየጠዋቱ ከልጅ ልጃቸው ከሺርሊ ጋር ከአሸዋው ክምር ተነሥተው እስከ ላጉኑ ዳር ደርሰው ይመለሳሉ፤ ድምፃቸውን ቀድተውም በስልክ ይልኩልኛል። ያለፈው ሳምንት እንዲህ አሉ፦ «እንዳለው ልጄ፣ ዛሬ እስከ ኩሬዋ ዘለቅሁ። አሸዋው ይጎትታል እንጂ አይጥልም። ይቺ ሺርሊ ደግሞ እንደ ወታደር ታሰልፈኛለች። ዳገታችንስ አሁንም ያው ነው፣ ወይስ እሱም አርጅቷል?» «ዳገቱ ያው ነው፣ ያረጀሁ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና «ያን ጊዜ ስወርድ እናቴን ዞሬ አላየኋትም፤ ዞር ካልኩ መሄድ ያቅተኛል ብዬ። አሁን ወጥቼ ልያት» አሉ።

እኚህ እናት በጽ/ቤትዎ ቅጽ ላይ «የውጭ አገር ጎብኚ» ተብለው ተመዝግበዋል። ጎብኚ ደግሞ ባጅ ያለው መሪ ከሌለው ከኬላው ይመለሳል።

5. የተግባር ፈተናው ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን በጽ/ቤትዎ ግቢ ተሰጠ። የአሸዋ ክምር ተብሎ የቀረበው ለአጥር ሥራ የመጣ አንድ ሲኖትራክ አሸዋ ነው። ላጉኑ በሰማያዊ ሸራ ላይ የተገለበጠ ሁለት ጀሪካን ውኃ ነው፤ በዚያ የሚያልፉ እናቶች ከጥምቀት የተረፈ ጠበል መስሏቸው ሊረጩ ጠጋ ብለው ነበር። ሞጁሉ «ጨዋማ» ስለሚል ሁለት እፍኝ ጨው ተጨመረበት። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ሊስተው የማይገባ ስህተት ተሠራ። ጨው የነካው ውኃ ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ በሩም ተከፍቶ ሳለ፣ በደባርቅ ከተማ የትኛዋ በቅሎ ናት አርፋ የምትቆመው?

የእኔ ተራ ሰባተኛ ነበር። ሰልፉን የለቀቀ ተራው እንደሚቃጠል በሩ ላይ ተለጥፏል። ስድስተኛው ሰው ሲፈተን በቅሎይቱ ገብታ ጠጣች፤ የተረፈውንም ረግጣ አፈሰሰችው። እኔ ተጠራሁ።

መመሪያው «መሪው እንግዶችን በአሸዋ ክምር ላይ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይመራል» ይላል። ክምሩ አራት እርምጃ ነው። ያርጋል የሚባለው ወጣት ባልደረባዬ ክምሩን አርባ ሁለት ጊዜ ዞሮት ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። እኔ በአራት እርምጃ አሻግሬ «ደርሰናል» አልኩ፤ ተቀነሰብኝ። እንግዳ ሆነው የቀረቡልኝ የግቢው ጥበቃ አቶ ታደለ ናቸው፤ በወረቀቱ ላይ ጀርመናዊ ናቸው። «ኧረ እንዳለው፣ ቀስ በል፣ ጉልበቴን!» ብለው በመጮኻቸው «መሪው በእንግዳው ቋንቋ አልተግባባም» ተብሎ እንደገና ተቀነሰ። በመጨረሻም እርጥቡ ሸራ ፊት አቁመው «እንግዳዎን በላጉኑ ዙሪያ ይምሩ» አሉኝ። «የቱ ነው?» አልኩ። ዜሮ። ምክንያቱ «መሪው ላጉኑን መለየት አልቻለም» ይላል። ባጄም በዚያው ዕለት ታገደ።

6. ወ/ሮ አገርነሽን እንዲመራ የተመደበው ያርጋል ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቤቴ መጣ። «ጋሼ እንዳለው፣ ሾላ ውኃ በየት በኩል ነው?» አለኝ። «ከአሸዋው ክምር ጀርባ» አልኩት። ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «ጋሼ፣ ይቀልዱ። እኔ ምድቡን እምቢ ብል ባጄን ይወስዱታል። ብሄድ ደግሞ አንዱን የድንጋይ ክምር ‹ይኸ ነው› ብላቸው ያምኑኛል። የሚያስፈራኝ እሱ ነው፤ ያምኑኛል!» አለኝ። ያርጋል ጥሩ ልጅ ነው። መንገዱን ልነግረው ሞከርኩ፤ ከወይራው ታጠፍ፣ ድሮ የእነ ያየህ ግቢ በነበረው ቁጥቋጦ ውረድ፣ ከዚያ ውጣ እያልኩ። ወይራው ከተቆረጠ አሥር ዓመቱ እንደሆነ ትዝ ያለኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። አርባ አንድ ዓመት የጠበቁ እናት በሰው ከብት በረት ድንጋይ ላይ ተደፍተው ቢያለቅሱ፣ ነጥቡ ከማን ይቀነሳል?

7. ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ፦

ሀ) ባጄ እንዲመለስልኝ፣ ለዘለቄታው ካልሆነም ለየካቲት 5 ለአንድ ቀን እንዲፈቀድልኝ፤

ለ) ይህ ከመመሪያ ውጭ ከሆነ እኔም በዚያ ቀን «ጎብኚ» ተብዬ እንድመዘገብ፣ ያርጋል እየመራኝ እኔ ከፊት ከፊቱ እንድሄድ፤

ሐ) ከሁለቱ አንዱም ካልተቻለ፣ ምክንያቱ ወ/ሮ አገርነሽ በሚገባቸው አማርኛ ተጽፎ እንዲሰጠኝ። አንብቤ የምነግራቸው እኔ ነኝና።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው፤ መልስዎን እዚያው በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሰልፉንም አልለቅም።

ከሰላምታ ጋር
እንዳለው ቢራራ (ፊርማ)
ደባርቅ

እርማት፦ በዚህ አቤቱታ መግቢያ ላይ «ባለቤቷ እስካሁን ባልታወቀች አንዲት በቅሎ» የተባለው «በአመልካቹ በቅሎ በሸጊት» ተብሎ ይነበብ። ስትገባ አይቻታለሁ፤ ስትጠጣም አይቻታለሁ። ሰልፉን ከለቀቅሁ ተራዬ ይቃጠላል ብዬ አልከለከልኳትም። ስለዚህ የላጉኑን ዜሮ እቀበላለሁ፤ ስለ ሌላው ግን አቤቱታዬ እንደጸና ነው። ነገሩን ደብቄ ልዘልቅ ነበር። ትናንት ግን ወ/ሮ አገርነሽ ደውለው «አሸዋውስ ይሁን፤ ዳገቷ ብታቅተኝ በምን ታወጣኛለህ?» ሲሉኝ «በሸጊት» ብዬ የሠራችውንም ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ፤ «እንኳን ጠጣችው፣ እኔን ለመሸከም የባሕሩን ጣዕም ትወቀው» አሉ። ባሕር ማዶ ያሉ ሰው ያወቁትን ጽ/ቤትዎ ሳያውቀው መቅረቱ ተገቢ ስላልሆነ ታርሟል። ሸጊት ሐሙስ የካቲት 5 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ኮርቻ ተጭና ዳባት ትቆማለች። ልጓሟን የሚይዘው ሰው ስም እዚህ ያልተጻፈው በስህተት አይደለም፤ ለእርስዎ ፊርማ የተተወ ቦታ ነው።