ለአረንጓዴው ማሊያ ያለቀስክበት ቀን

ማቲዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። አራብሳ ያው አራብሳ ነው፤ ውኃ አሁንም በፈረቃ ይመጣል፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ማውጣቱም አልቀረልንም። ብሎካችን ፊት ለፊት ግን በስንት ጩኸት ኮብልስቶን ተነጠፈ። ጫማህን በፌስታል ጠቅልለህ ጭቃውን የምትሻገርበት ቦታ ላይ አሁን ፋርማሲ ተከፍቷል። ሳሮን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። በቁመት በልጣኛለች። ስትስቅ እንዳንተ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ እሷ አይታወቃትም።

እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ተነስቼ ኦሎምፒያ ቢሮዬ እሄዳለሁ፣ ከሰው ጋር አወራለሁ፣ እስቃለሁም። ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚከብደኝ። ሶፋው ላይ አንተ የምትቀመጥበት በኩል እስካሁን አልተቀመጥኩም።

ዛሬ የምጽፍልህ ባለፈው እሑድ በሆነ ነገር ነው። እሱን ከመንገሬ በፊት ግን ያን ቀን ላንሳልህ።

ከደቡብ አፍሪካ በተመለስክ በሁለተኛው ወር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሱቅ ስትነግድ ኖረህ፣ በለበስከው ጃኬትና በአንዲት የእጅ ቦርሳ ቦሌ ወረድክ። ሱቅህን ዘርፈው አቃጥለውታል። ጎረቤት ሊጠይቅህ እየመጣ "እነዚህ አረመኔዎች" ሲል አንተ ተነስተህ ወደ ኩሽና ትሄዳለህ። እኔም እንዳላቆስልህ ፈርቼ አልጠይቅህም።

አንድ ቅዳሜ "ልበሱ፣ ጨዋታ ልናይ ነው" አልከን። የእነሱ የራግቢ ቡድን ለዋንጫ ደርሶ ነበር። ኢምፔሪያል ወርደን ኳስ የሚያሳዩትን ቤቶች አዳረስናቸው። "ራግቢ ደግሞ ምንድን ነው?" እያሉ መለሱን። ሦስተኛው ቤት ባለቤቱ ፊትህን አይቶ አዘነልህ መሰለኝ፣ "ሰው እስኪመጣ ድረስ እዩ" ብሎ ከፈተልን።

መዝሙራቸው ሲጀመር ብቻህን ተነስተህ ቆምክ። መጀመሪያ በጥቁሮቹ ቋንቋ፣ ከዚያ በነጮቹ በአፍሪካንስ፣ መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛ ይዘመራል። ሁሉንም ታውቀው ነበር። "ድሮ እዚህ ጋ ነጮቹ ዝም ይሉ ነበር" አልከኝ በጆሮዬ፤ ትንሽ ቆይተህ ደግሞ "እዚህ ጋ ጥቁሮቹ" አልከኝ። ሳሮን "አባዬ፣ ኳሱ ለምን እንቁላል ይመስላል?" እያለች ስትጠይቅህ አንድ በአንድ ታስረዳታለህ። እኔ የገባኝ ሰው በሰው ላይ ሲከመር ብቻ ነው። አሸነፉ። ጥቁሩ አምበላቸው ዋንጫውን ከፍ ሲያደርግ ፊትህን በሁለት እጅህ ሸፍነህ አለቀስክ።

ተናደድኩ። ውጭ እንደወጣን "ላቃጠሉህ ሰዎች ነው የምታለቅሰው? እኛን ጥለህ የኖርክበት አገር አሁን ደግሞ እዚህ ድረስ ተከትሎህ መጣ?" አልኩህ። ታክሲ አልያዝንም። በገርጂ በኩል በእግራችን ስንሄድ፣ ሳሮንን መሀላችን አድርገን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍህን ከፈትክ።

ስለ ጎጎ ነገርከኝ። ጎጎ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ሱቅህ የእሳቸው ቤት የፊት ክፍል ነበር። ጨዋታ ባለ ቀን የመሀሉን በር ከፍተህ አብረሃቸው ታያለህ። በወጣትነታቸው ጥቁር ሰው ስታዲየም ከገባ በሽቦ የታጠረ ጥግ ነበር የሚሰጠው፤ እዚያ ቆመው ለመጣው እንግዳ ቡድን ያጨበጭቡ ነበር። የአገሩ ቡድን አረንጓዴ ማሊያ ያኔ የነጮቹ ነበር፤ ቤታቸውን እየሰበረ የሚገባው ፖሊስም የሚደግፈው ያንኑ ቡድን ነበር። ባለቤታቸው ነፃነት ከመጣ በኋላም ለዚያ ማሊያ አንድ ቀን እንኳን ሳያጨበጭቡ ሞቱ። እሳቸውም ስንት ዓመት እምቢ አሉ። ከእነሱ ዓይነት ሰፈር የወጣ ልጅ አምበል ሲሆን ጊዜ ግን ገበያ ሄደው ማሊያውን ገዙ፣ ቤተ ክርስቲያንም ለብሰውት ሄዱ።

"ትልቅ ግጥሚያ ያሸነፉ ቀን የሰፈሩ ልጆች ተሸክመውኝ ዞሩ" አልከኝ። "የእነሱ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። 'የውጭ ሰው ይውጣ' እያሉ የመጡ ቀን፣ ከተሸከሙኝ አንዱ ያንኑ አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ የስኳር ጆንያዬን ተሸክሞ ሲወጣ አየሁት።"

ጎጎ መኝታ ቤታቸው ደብቀውህ በሩ ላይ ቆሙ። "ልጄ ነው፤ እኔን ረግጣችሁ ግቡ" አሏቸው። ከፊቱ ክፍል አልፎ የገባ አልነበረም፤ የለኮሱት እሳትም ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ጠፋ።

"እሳቸውም በዚያ ሰዓት የለበሱት ያንኑ ማሊያ ነው፣ አስቴር። ለየትኛው እንዳለቀስኩ እኔም አላውቅም" አልከኝ።

ከዚያ ደግሞ ሳቅ አልክ። "እዚህ ስመጣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰውዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን መሰለሽ? 'ትውልድህ ከየት ነው?' ሆሳዕና ስለው 'እ... እንግዳ ነህ ማለት ነው' አለኝ።" አብሬህ ሳቅኩ። ክንድህን ያዝኩ። በዚያ መንገድ ላይ የነበረው ማቲ ነው የሚናፍቀኝ፤ ያን ቀን ነው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በእውነት ወደ ቤት የመጣኸው።

ከዚያ ወዲያ አብረን የኖርነው ዓመት ትንሽ ነው። ኩላሊትህ አላቆየህም። አንዳንዴ እነሱ ሲጫወቱ ሳሮን ትከፍተዋለች። ሕጉን እስካሁን አላወቅኩትም፤ የሚያስረዳኝ ሄዷል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስልክህ ጠራ። አልዘጋሁትም፤ ፎቶዎችህ እዚያ ስላሉ ቻርጅ እያደረግኩ አስቀምጠዋለሁ። ሳነሳው የአሮጊት ድምፅ "ቴምባ! ቴምባ!" ይላል። "ኖ ቴምባ" ብዬ ዘጋሁት። ደግመው ደወሉ። ሳሮን ተቀብላኝ በእንግሊዝኛ ስታወራ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች። "እማዬ" አለችኝ፣ "ቴምባ አባዬ ነው።"

ጎጎ ናቸው፤ ያወጡልህን ስም ለእኔ አልነገርከኝም ነበር። ተስፋ ማለት ነው አሉ። ቡድኑ ባሸነፈ ቁጥር ትደውልላቸው እንደነበርም አላውቅም። ስልካቸው ጠፍቶባቸው ቁጥርህን ያገኙት ገና አሁን ነው። ቡድኑ ቅዳሜ አሸንፎ ስለነበር "ዘንድሮ እኔ ልቅደመው" ብለው ነው የደወሉት።

ሳሮን ነገረቻቸው። ከዚያ የመጣውን ለቅሶ ማንም እንዲተረጉምልኝ አላስፈለገም። እሳቸው በቋንቋቸው፣ እኔ በሀዲይሳ፣ ስልኩን በመሀል አስቀምጠን አብረን አለቀስን። እዚህ ከአርባህ በኋላ ሰው ሁሉ "በቃሽ" ነው የሚለኝ። እሳቸው በቃሽ አላሉኝም።

በመጨረሻ እናትህ ያወጡልህን ስም ጠየቁ፤ በጸሎት ቤታቸው ሊያስጠሩህ። "ማቴዎስ አንሼቦ" አልኳቸው። አልያዝ አላቸው። ደጋግሜ አስባልኳቸው፤ እስኪያስተካክሉት ድረስ አለቀቅኳቸውም።

ስንት ዓመት ያቺን አገር እንደ ጣውንት አይቻታለሁ። አሁን እዚያ አንዲት ሴት እንደኔ ታዝንልሃለች፤ አንተን ለመናፈቅ ሁለት ሆነናል። ሳሮን "ከእንግዲህ ሲያሸንፉም ሲሸነፉም የምደውለው እኔ ነኝ" ብላለች። እኔም በሕይወት እስካለሁ አንተን ሳላነሳ የማሳልፈው ቀን አይኖርም፤ እዚህ የኖርከውንም እዚያ የኖርከውንም።

ትናንት ኩሽና ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ቀስ ብዬ "ቴምባ" ብዬ ጠራሁህ። አፌ አልለመደውም። እለምደዋለሁ።

አስቴር