ስለ ጸዳው ሠንጠረዥና ስለ ወንድሜ ኮርሳ

ሚያዝያ ፲፱፻፺፩ ዓ.ም.
ለተከበሩ አቶ ወጋየሁ፣ የጠፉ ዘመዶች አፈላላጊ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ
ነፋስ ስልክ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ወለል የተወለወለ፣ እንቅልፍዎም ያልተቋረጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ኦብሴ ቱሉ እባላለሁ፤ የላፍቶ ነዋሪ ነኝ። ኮርሳ የሚባል ታናሽ ወንድሜ በደርግ ጊዜ ለውትድርና ተወስዶ በዚያው ቀረ። ማኅበርዎ የጠፉ ሰዎችን ስም በኢንተርኔት ሊያወጣ ነው ሲባል ሰምቼ የካቲት ላይ አስመዘገብኩት። ስለዋሉልኝ ውለታ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

አንደኛ፣ መልስ ስለመጣልኝ። ጸሐፊዎ ወይዘሪት አምሳለ ዓርብ ዕለት አስጠርታኝ፣ ከሱዳን፣ ከከሰላ ከተማ፣ የኮርሳን ስም በኢንተርኔት ካየ ሰው፣ ስለ እሱ የሚናገር መልእክት በኮምፒውተሩ መግባቱን ነገረችኝ። «አውቀዋለሁ ብሎ ነው የሚጀምረው። ቀሪውን ኃላፊው ሳይፈቅዱ ማንበብ አልችልም፤ ሰኞ ነይ፣ እህቴ» አለችኝ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ከክረምት ጀምሮ ከአልጋ ያልወረደች ሴት ተነስታ ደጅ ተቀመጠች።

ሁለተኛ፣ ስለ ንጽሕና ፍቅርዎ። ሰኞ ስመጣ የኮምፒውተር ባለሙያዎ ኢያቄም፣ ስሞቻችን የተቀመጡባቸውን ሠንጠረዦች ቅዳሜ ዕለት እንዳጸዳቸው በትሕትና አስረዳኝ። ፕሮግራሙን ለመሞከር ራሱ ፈጥሮ ያስገባቸው የውሸት ስሞች ከእኛ ሰዎች ጋር ተቀላቅለው ስላስቸገሩት፣ የኢንተርኔት ገጹ በይፋ ለሚመረቅበት ቀን እንዲያምር ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ባዶ አድርጓቸዋል። ቅጂ አላስቀረም። ስለ መልእክቱ ስጠይቀው፣ «እሱም እዚያው ውስጥ ነበር» አለኝ። የላኪው አድራሻም እንደዚያው። ወንበር ሳበልኝና ተቀመጥኩ። ልቆጣው ሞክሬ ነበር፤ አልመጣልኝም።

ሦስተኛ፣ እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ወጥተው «ሠንጠረዡ እኮ አለ፤ የሌለው ስሙ ብቻ ነው። እንደገና ይመዝገቡ» ብለው ስላጽናኑኝ። ተመዘገብኩ። የኮርሳን ዕድሜ፣ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ ሁሉንም እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ተናገርኩ። የከሰላው ሰው ግን አንዴ ጽፎ የድርሻውን ተወጥቷል። ዝም ስንለው ምን ብሎ እንዳሰበ አላውቅም። እስከ ዛሬ አልጻፈም።

አንድ ወንድም ሁለቴ እንዳጣ ላበቁኝ ለእርስዎ ከማይሰረዝ አክብሮት ጋር፣
ኦብሴ ቱሉ

ማስታወሻ፦ ቤተሰቦች ነጭ ለብሰን ለምርቃቱ ፎቶግራፍ እንድንመጣ የላኩት ጥሪ ደርሶናል። እናቴ ትመጣለች። መልእክቱን እርስዎ እንዲያነቡላት ትፈልጋለች፤ መጥፋቱን እኔ አልነገርኳትም።