ክፍል ሁለት፦ ገና

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

ይመጣል! ለገና ይመጣል! ከትምህርት ቤት ስመለስ የጋሽ ሰይድ ሱቅ በር ላይ ተለጥፎ አየሁት፦ «የደወሉ ገመድ፣ ክፍል ሁለት፦ ገና።» ሱቁ ዝግ ነው፤ ጋሽ ሰይድ ዕቃ ሊያመጡ አዲስ አበባ ሄደዋል። ደግሜ አነበብኩትና እስከ ቤት ሮጥኩ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን የክፍሌን ልጅ ሁሉ እያስቆምኩ ነገርኩ። ጉሮሮዬ በብርዱ ደርቋል፣ ደስ ብሎኛል።

ክፍል አንድን ከጨረስን ዓመት አለፈን። ሶስና የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ልጅ ናት። አባቷ ታመው ተኝተዋል። አንድ ወጣት ሽማግሌ ልኮባታል። እሷ ደግሞ ሽማግሌዎቹን «እሺ ካልኩ ነገ ጎህ ሲቀድ ደወሉን እደውለዋለሁ፤ ደወሉ ዝም ካለ ወደ አገራችሁ ግቡ» አለቻቸው። ጎህ ሲቀድ ወጣች። ገመዱን ያዘች። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ገመዱ እርጥብ ነበር።» አለቀ! እንዲህ ተብሎ መጽሐፍ ያልቃል? ደራሲዋን ባገኛት የምጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በምን ረጠበ?

እኔ ጤዛ ነው እላለሁ። እህቴ አስካለ እንባ ነው ትላለች። አባባ ቄስ ናቸውና «ሴት ልጅ ደወል ትነካለች?» ብለው ተቆጡ፤ እየተቆጡ ግን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያች ዓረፍተ ነገር አጠገብ ደግሞ አንድ ሰው በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጓል። ባለፈው ክረምት አስካለ መጽሐፉን አንኮበር አክስታችን ቤት ረስታው ነበር፤ ምልክቱን ያየሁት ሲመለስልን ነው። ማን ይሆን?

የምጠብቃቸው መጻሕፍት፦
የደወሉ ገመድ ክፍል ሁለት።
ያቺው ደራሲ ጻፈችው የሚባለው፣ ገዳም ገብቶ ስለ ጠፋ ተማሪ። ርዕሱን እንኳ የሚያውቅ የለም።
«ባለ ሰማያዊ ጋቢዋ»። ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ርዕሱን ወድጄው ነው።

አሁን ደግሞ ደስታዬን የሚያበላሸው። አስካለም ሽማግሌ ተልኮባታል። ሰውየው ጌታሁን ይባላል፣ አንኮበር አስተማሪ ነው፣ ክረምቱን እዚያው አክስታችን ቤት ተዋውቀዋል። እሺም እምቢም አላለችም። «ሶስና ምን እንዳደረገች ልይና» ትላለች። የምትቀልድ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን እንጃ። እሺ ካለች አንኮበር ልትገባ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ በአንድ አልጋ ተኝተን፣ አንዷ እያነበበች ሌላዋ እያዳመጠች ነው ያደግነው። ክፍል ሦስት ቢኖርስ ከማን ጋር አነበዋለሁ?

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

በእረፍት ሰዓት የወጣት ማኅበሩ ተጠሪ ጠራኝ።

«ተማሪው ሁሉ ‹ለገና ይመጣል› እያለ የሚንሾካሾከው ምንድን ነው? ማን ነው የሚመጣው?»

«መጽሐፍ ነው፣ ጓድ።»

«ስለ ምን?»

እግዜር አፌ ላይ አመጣልኝ። «ስለ አንድ የደወል ሠራተኛ ልጅ።»

«ሠራተኛ» ሲባል ፊቱ ፈታ አለ። «ስለ ወዛደሩ ከሆነ ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ። ሶስና ወዛደር መሆኗን ብትሰማ ምን ትል ነበር?

ቤት ስደርስ የአንኮበር አውቶቡስ ረዳት መልእክት አምጥቶ ጠበቀኝ። የጌታሁን ሽማግሌዎች «መልሱ መቼ ነው?» ብለው ልከዋል። አባባ አስካለን አዩዋት፤ እሷ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልላለች። መነጽራቸው ስለተሰበረ እኔን አስጻፉኝ፤ በራሳቸው ብዕር፣ ያ ቀለም በሚሞላው። «መልሱ ገና ነው በይ። በቃ።» ጻፍኩ፤ ረዳቱም ይዞት ሄደ። ብዕሩን አልመለስኩም፣ ይህን የምጽፈው በእሱ ነው። ስለ አስካለ ጉዳይ በዚህ ሳምንት የሰማሁት ጥሩ ወሬ ይኼ ነው።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

አስካለ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ስትመለስ ፀጉሯ ላይ የተጣበቀውን የሱፍ ብናኝ እየለቀምኩላት ጠየቅኋት። ትወጂዋለሽ?

«ሌላው ወንድ ሁሉ ይነግረኛል፤ እሱ ይጠይቀኛል» አለች።

ምን እንደጠየቃት ብጎተጉታት አልነገረችኝም። እኔም እኮ ስጠይቃት ነው የኖርኩት! ተናደድኩ። ከዚያ አፈርኩ። አሁን ደግሞ ምን ብሎ እንደጠየቃት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ጉድ ሆንኩ። ስለ ገበያው ግርግር የምጽፍበት አንጀት የለኝም።

ጋሽ ሰይድ ተመልሰዋል። የፋኖስ ብርጭቆ ከሳጥን እያወጡ በጭድ መሀል ሲደረድሩ ደረስኩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ለገና የሚመጣውን አንድ ያስቀምጡልኝ።»

«ምኑን?»

«ክፍል ሁለትን። በር ላይ ለጥፈዋል እኮ፣ ‹ገና› ብለው።»

«አዎ፣ ገና ነው።»

«ገና ነው አይደል?»

«ገና ነው እንጂ! መቼ መጣ?»

ትንሽ ተያየን። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጠው ሳቁ፣ ሳቁ፣ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ወላሂ፣ መጣ ወይ መጣ ወይ እያላችሁ ብታሰለቹኝ ጊዜ ነው የጻፍኩት። ቀን ብቀጥርማ ለኢድ እቀጥር ነበር። የእናንተን ገና እኔ በምን ልቁጠር!»

ለካ ላልቶ ነው የሚነበበው! እኔ ነኝ ያጠበቅኩት። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ ቃል አምጡ ሲባል ይህንኑ «ገና»ን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። መምህሩ «ጎበዝ» ብለውኛል።

መጽሐፉ ሳንሱር ቤት ነው አሉኝ ጋሽ ሰይድ፤ መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግን ትደውለዋለች፣ አይደል?» አሉኝ። ለካ እሳቸውም አንብበውታል! ስወጣ የማስበው ያንን ሳንሱር የሚያደርገውን ሰውዬ ነበር። ከደራሲዋ ቀጥሎ መጨረሻውን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ለሚስቱ ይነግራት ይሆን? ወይስ እያወቀ ዝም ብሎ ምሳውን ይበላል?

ታኅሣሥ 26፣ እሑድ

ቅዳሴ ላይ ነው ብልጭ ያለብኝ። «መልሱ ገና ነው።» በእኔ እጅ ጽሑፍ! ያውም «መቼ ነው?» ተብሎ ለተጠየቀ!

አባባ ከቤተ ክርስቲያን እስኪወጡ በር ላይ ተንቆራጠጥኩ።

«አባባ፣ ያ ወረቀት… ‹ገና› ያልነው…»

«ታዲያ ገና አይደለም?»

«ገና ነው፤ ግን ገና ነው ብለው ቢያነቡትስ? በዓሉ?»

አባባ ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን አወናጨፉ። «አንቺ ልጅ፣ ገናን ከገና ሳይለይ ማን ሽማግሌ ይባላል?»

እኔ አልለየሁም። እኔ ግን ሽማግሌ አይደለሁም።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

በክፍል ውስጥ «ውሸታም» ተብያለሁ። አንዷማ ለመጽሐፉ ስትል ለበዓል ጫማ እንዳይገዛላት ለምና ነበር። ምን ልበላት? ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ክፍል ሁለት ሲመጣ ከእኔ ቀጥላ እንደምታነብ ቃል ገባሁላት። ከእኔ በፊት በይ አለችኝ። እሺ አልኩ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለአስካለ የወረቀቱን ነገር ነገርኳት። አልጋው ላይ ተንከባለለች በሳቅ። ከዚያ ድንገት ተነሥታ ተቀመጠች።

«ቢመጡስ?»

«ቢመጡ ምን ትያለሽ?»

«መጽሐፉ ደርሶ ቢሆን ኖሮ…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ለካ አትቀልድም ነበር። ሶስና እንድትመራት ፈልጋ ነው እንጂ።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ

መናኸሪያ ሄጄ ረዳቱን አገኘሁት። «ዛሬ ሦስት ሽማግሌ አምጥቼ እዚሁ ከተማ ዘመድ ቤት አድርሻለሁ» አለኝ። «በነጭ ጋቢ። አንድ አስተማሪም አብሯቸው አለ፣ መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።»

ለአባባ ነገርኳቸው። «በዓል ሊውሉ ይሆናል» አሉ። ግን ምላጭ ፈልገው ጢማቸውን አስተካከሉ። እማዬ ዶሮዎቹን ቆማ አየቻቸውና አንድ ጨመረች።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ፣ ገና (ጠብቆ)

መጡ። ሜዳው ላይ ውርጩ ሳይለቅ፣ እኛ ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሰን ሳንጨርስ።

ትልቁ ሽማግሌ ተነሥተው «የቀጠራችሁንን ቀን አክብረን መጥተናል» አሉ።

አባባ «የቀጠርነው? ገና ነው አልን እንጂ!»

«ይኸው ገና ነው!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ የሚዞር መሰለኝ፤ የዞሩት ግን አባባ ብቻ ናቸው። መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ገባቸው፤ ትልቁማ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሳቁ። ሲበቃቸው «እንግዲህ አንዴ መጥተናል» አሉ። «ልጅቱ ከአፏ ትንገረን፤ ከወረቀት አናነብም።»

አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። «አባቶቼ፣ በመጀመሪያ ከእሱ ጋር ልነጋገር» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ የላካቸው ሰው በር ላይ መቆሙን የደበቁን መስሏቸው ነበር። አባባ «እዚያው አጥሩ ጥግ፣ እህትሽም አብራችሁ ትሁን» አሉ።

ጌታሁን ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ። ጨበጠኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ሶስና ከመምጣቷ በፊት ገመዱን ሌላ ሰው ይዞት ቢሆንስ?»

እኔና አስካለ ተያየን። የእርሳሱ ምልክት!

«ማን?» አልኩ እኔ፤ ዝም ማለት ሲገባኝ።

«ልጁ። ሽማግሌ የላከው። ሌሊት መጥቶ ራሱ ሊደውለው ነበር። ከተደወለ እሺ አለች ይባላል፤ ማን እንደደወለው ማን ያያል? ሲያስብ፣ ሲያስብ ገመዱን እንደያዘ ቆየ። መልሱ የእሷ መሆኑ ሲገባው ግን ተወው።»

አስካለ «ላቡ ነው?» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል።

«ላቡ ነው።»

ያኔ ነው እጄን ያየሁት። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ እሱ የጨበጠኝ እጄ እርጥብ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ክርክር ነው። በታኅሣሥ ሰው ያልበዋል ወይ አልኩ። ከፈራ ያልበዋል አለ። እንባም ሊሆን ይችላል አለች አስካለ፣ ግን የሱ እንባ። ጤዛዬን የሚደግፍ ጠፋ። ጠባቂ መሆኔን ረስቼ ስጮህ እማዬ ከጓዳ ጠራችን። ለካ ወጡ ቀርቧል።

አስካለ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። «ገና ነው፣ አባቶቼ» አለች፤ አላልታ፣ ጥርት አድርጋ። ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን በጆሯችን ሰማን» አሉ፤ ከዚያ በልተው፣ መርቀውን ሄዱ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ማታ አስካለ እንደወትሮው አጠገቤ ተኝታለች፣ እኔ ግን የማስበው ስለዚያ ልጅ ነው፤ ገመዱን ሲተወው ምን እንደተሰማው።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን ቀይረዋል፦ «ክፍል ሁለት አልመጣም። ቀን የለውም።» የላቡን ሐሳብ ነገርኳቸው። «አላህ ያሳይሽ፣ እንዴት አላሰብኩትም!» አሉ።

ጌታሁን አክስታችን ዘንድ በሚመላለስ ሰው መልእክት ልኳል። መጽሐፉ መጀመሪያ ለማናችንም ቢደርስ፣ ሦስታችን አንድ ላይ ሳንሆን አይገለጥም። በዚህ ተስማማን። ያቺ ጫማ ያልተገዛላት ልጅ እንዳትሰማኝ እንጂ።

አስካለ ፈረቃ ልትገባ ትጣደፋለች። ፀጉሯን ስታስይዝ ጠየቅኋት፤ «ለሽማግሌዎቹ ያልሽውን ሰምቻለሁ። ለእኔስ? እውነተኛው መልስሽ?» ከንፈሯ መሀል የፀጉር ሽቦ ይዛለች፣ መናገር አትችልም። ብዕሩን ከእጄ ወሰደች፣ ደብተሬ ላይ ጎንበስ ብላ እዚህች መስመር ላይ ጻፈች፦

ገና

በዓይኗ ስቃብኝ ወጣች። እስከ አጥሩ ድረስ ተከትዬ «ይጥበቅ ወይስ ይላላ?» ብዬ ጮህኩ። ዘወር አላለችም። እጇን ብቻ አነሣች።

ላልቶ ከሆነ አልወሰነችም። ጠብቆ ከሆነ ለሚመጣው በዓል፣ የዛሬ ዓመት ሙሽራ ናት። ሁለቱንም ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። ጠብቆ ስሰማው እንደፈራሁት አልሆነም፤ ትንሽ ያምማል፣ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ፈለግሁ። ደግሜ ላየው ጣቴን ባሳርፍበት ቀለሙ ያዘኝ። ገና እርጥብ ነው።