አራሚው ያላረሙት መዝሙር፦ አቶ ፍሰሐ ሚደቅሳ (1938–2017 ዓ.ም.)

አቶ ፍሰሐ ሚደቅሳ፣ ሰንጋ ተራ ገና ሰንጋ ይሸጥበት በነበረበት ዘመን፣ ከአባታቸው ከአቶ ሚደቅሳ ጉተማና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዲንቄ ወልዴ በኅዳር ወር 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የከብት ነጋዴ ቢሆኑም ልጃቸውን ለፊደል ሰጡ። በልደታ ማርያም ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተከታተሉ።

በ1957 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ተቀጠሩ፤ ኋላም አራሚ ሆነው ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1993 ዓ.ም. አገለገሉ። ስህተት ሲያዩ ጠረጴዛውን በጣታቸው ሁለቴ መታ መታ ያደርጋሉ፤ እንከን በሌለበት ገጽ ላይ ብቻ «ይታተም» ብለው ይፈርማሉ። የዕድሩ ማስታወቂያ እንኳ ከቀይ እስክሪብቷቸው አያመልጥም ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ከወ/ሮ ስንቅነሽ በየነ ጋር ጋብቻ መሥርተው ማኑንና ቤርሳቤህን ወለዱ። ማኑ በ1991 ዓ.ም. ጦር ሜዳ ወድቆ ቀረ፤ አስከሬኑም አልመጣም። ወ/ሮ ስንቅነሽ በልጃቸው ሐዘን እንደተጎዱ በ1996 ዓ.ም. አረፉ። የሰንጋ ተራው ቤት ሲፈርስ አባትና ልጅ ብቻቸውን ልደታ ኮንዶሚኒየም ገቡ። በዚህ ሁሉ መከራ አቶ ፍሰሐ የዕለት ዳዊታቸውን አላስታጎሉም። ሊያጽናናቸው የመጣውን ሁሉ «ፊደሏን ብቻ አትዩ፤ ገጹን እዩ» እያሉ እሳቸው ያጽናኑት ነበር።

ይህን ምክር ራሳቸው የረሱበት ጊዜም ነበር፤ ለቀስተኛው ስለሚያውቀው መሸሸግ አያስፈልግም። በ2009 ዓ.ም. ቤርሳቤህ ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም» አሏት። እሷም ምን ታድርግ፣ የአባቷ ልጅ ናትና እልኳን ይዛ ወጣች። ሥራዋ ሜክሲኮ፣ የእሳቸው ቤት ልደታ፣ በእግር የሚደረስበት መንገድ፤ ስምንት ዓመት አልተያዩም።

ግላኮማ ዓይናቸውን ሲያጠፋው ዳዊታቸው ተከድኖ ተቀመጠ። ምግባቸውን የምታቀርብላቸው ጎረቤታቸው ወ/ሮ መይሙና ነበረች። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ሲጸናባቸው ለቤርሳቤህ ደውላ «አባባ አፍ አውጥተው አይጠሩሽም፤ እኔ ጠርቼሻለሁ፣ ነይ» አለቻት። ሆስፒታል ስትደርስ አባቷ በድምፅዋ ለዩዋት። ይቅርታ አልተባባሉም። «ዘጠናውን አንብቢልኝ» ብቻ አሏት።

እሳቸው የፈለጉት እግዚአብሔር ከወጥመድና ከቸነፈር እንደሚጠብቅ የሚናገረውን መዝሙር ነበር። በቤርሳቤህ ስልክ ላይ ያለው ትርጉም ግን ቁጥሩ ከአባቷ ዳዊት በአንድ ይለያል። ዘጠና ብላ የከፈተችው የሰው ዕድሜ ሰባ፣ ቢበረታም ሰማንያ መሆኑን የሚናገረውን ሆነ። አባቷ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ጣታቸው ከአልጋው ጠርዝ ተነሣች፤ መታ ሳታደርግ ተመለሰች። እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «ቁጥሩ ተሳስቷል» አሉ። ቀጥለውም «ግድ የለም፣ ልጄ። ይታተም» አሉ።

በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ አረፉ። ስምንቱን ዓመት የሚመልስ የለም። አንዲት ልጅና፣ በሕይወት ሳሉ ያላወቋትን የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ትተው አልፈዋል።

ይህን ጽሑፍ ያረመው የለም፤ ስህተት ብታገኙበት የጸሐፊዋ፣ የልጃቸው ነው። እግዚአብሔር ፊደሏን ብቻ ሳይሆን ገጹን አይቶ ነፍሳቸውን ይቀበልልን። አሜን።