በጭቃ የተደፈነው መስኮት

ይድረስ ለእትዬ፤

በመጀመሪያ፣ መጥረጊያ አልነበረም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በስልክ ያወራችልሽን ሁሉ በደብዳቤሽ ጽፈሽልኛልና አንድ በአንድ ላርመው። ግንበኛውን ያባረርኩት በጃንጥላ ነው፤ እሱንም አልመታሁትም፣ ወደ መንገዱ አመለከትኩበት እንጂ። ቤቱን ልሸጠው አላሰብኩም። አእምሮዬም አልተነካም፤ ትናንት የማባዣውን ሰንጠረዥ እስከ አሥራ ዘጠኝ ድረስ ሳልሳሳት በቃሌ ብዬዋለሁ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ታየሁ የተባለው ግን እውነት ነው። ቦታው ሲደርስ እጽፍልሻለሁ።

ከሰላምታ በፊት ክርክር ማስቀደሜን ይቅር በዪኝ። እንዴት ነሽ እትዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ የከለከለሽን ጨው ተውሽ ወይስ እየደበቅሽ ትበያለሽ? ብርዱ እንዴት አድርጎሻል? ዓይንሽስ ጽሑፍ ያነብባል? ይህን የምታነብልሽ ልጅሽ ከሆነች እዚህ ላይ ታቁም፤ መነጽርሽን አድርጊና የቀረውን ራስሽ ጨርሺው። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ያመኛል፣ እሱም ስቀመጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አልቀመጥም።

ቤቱን ለማደስ የተነሣሁት በፖስተኛው ምክንያት ነው። አዲስ ነው፤ ደብዳቤሽን እንደያዘ ሦስት ቀን በደጃችን አልፎ ሄደ። በአራተኛው ቀን አስቁሜ ብጠይቀው ‹‹እማማ፣ ሰው የሚኖርበት አልመሰለኝም›› አለኝ። ተናደድኩ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ ቆምኩና ቤታችንን እንደ ባዳ አየሁት። እውነቱን ነው። አሸንዳው ከአንድ ወገን ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፤ የደረጃው ጠርዝ ተሸርፏል፤ የግቢው በር ዝገት እንደ ቁስል ቅርፊት ይነሣል። ከመንገድ በኩል ያለውን ግድግዳ ደግሞ ሐረግ ከመሬት እስከ ጣሪያ ውጦታል። ያንን ሐረግ የተከልኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ለጌጥ መሰለው።

ግንበኛው ረጋ ያለ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። አብራው ሲሚንቶ የምታቦካ ሴት አለች፤ ምላሷ ከአካፋዋ ይፈጥናል። በመጀመሪያው ሳምንት አሸንዳውን ቀየሩ፣ የግቢውን በር በሽቦ ብሩሽ ፈትገው ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ቀቡት፣ ደረጃውን ጠገኑ። ከደረጃዎቹ አንዱ ከሌሎቹ በጣት ስፋት ከፍ ስላለብኝ አስፈረስኩት። ሴትዮዋ ‹‹እማማ፣ እግርዎ ላይ ሜትር አለ እንዴ?›› አለችኝ። አባባ ቢያዩት ሁሉንም ያስፈርሷችሁ ነበር አልኳት። ‹‹እንኳንም ሞቱልን!›› አለችና አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ፣ ሳቅሁ። እዚህ ቤት ውስጥ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሐረጉን ቆርጠው ጡቡን በውሃ ማጠብ ጀመሩ። የስንት ዓመት ጥቀርሻ እየወረደ ቀዩ ወጣ። ከቀዩም መሃል፣ ከበሩ በስተግራ፣ የመስኮቱ ቅርጽ ብቅ አለ፤ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ሲወርድ ግድግዳ ላይ እንደሚቀረው ዓይነት ፈዘዝ ያለ አራት ማዕዘን። የትኛው መስኮት እንደሆነ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። ግንበኛው ከኋላው ባዶ ይሁን አይሁን ሊያውቅ በመዶሻው እጀታ አንኳኳ። ሁለት ጊዜ። እኔ ከውስጥ፣ ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ነበር። ጃንጥላውን ያነሣሁት ያን ጊዜ ነው።

ከስልሳ ዓመት በኋላ ሁለቴ መንኳኳቱን ረስተሽው ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም። አባባ በሩን በአሥራ ሁለት ሰዓት ይቆልፋሉ፤ የአንቺ የጽሕፈት መኪና ትምህርት የሚያልቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከውጭ ሁለት ጊዜ ታንኳኪያለሽ፤ አለሁ ለማለት ከውስጥ አንድ ጊዜ እመልሳለሁ፤ ከዚያ የመስኮቱን መቀርቀሪያ አነሣልሻለሁ፤ በዚያ ትገቢያለሽ። ከሄድሽ በኋላ ድምፁ ቀረ ብለሽ ታስቢያለሽ? ጀንበር ስትጠልቅ አሁንም ሁለት ጊዜ ይንኳኳል። መጀመሪያ አይጥ ነው አልኩ፤ ቀጥሎ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ ነው አልኩ። ቁም ሣጥኑን እዚያ ያስጠጋሁት ለዚህ ነው። ልብሶቹ ሲያፍኑት ድምፁ ይወፍራል እንጂ አይጠፋም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጆሮዬን የለጠፍኩትም ሠራተኞቹ ማታ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ከውጭ በኩልም ይሰማ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። ከውጭ ምንም የለም። የሚሰማው ከውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው።

በማግስቱ ሰው ልኬ ግንበኛውን ይቅርታ ጠየቅሁት። መጣና የተደፈነውን መስኮት መጋጠሚያ በመሮ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከዚያ ጠራኝ። ከላይ ያለው ሲሚንቶ የጥፍር ውፍረት ብቻ ነው፤ ከሥሩ ጭቃ ነው። ተራ ጭቃ። የተደፈነው ጡብ ከነባሩ ግድግዳ ጋር አልተጠላለፈም፤ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ተለያይቷል። በቀዳዳው አጮልቆ ሲያይ የመስኮቱ እንጨት ሳይነቀል ቆሟል። ‹‹እማማ፣ ይህን የሠራው ሰው ሥራ አይችልም እንዳልል ቀሪው ቤት በቱንቢ ተለክቶ ቀጥ ያለ ነው። ይህ ሰው መልሶ ሊከፍተው ነው የደፈነው›› አለኝ። ሴትዮዋም አካፋዋን ተደግፋ ‹‹አኩርፈው ነው እንጂ አልቆረጠላቸውም ነበር ማለት ነው›› አለች። ቤቱን በእጃቸው የገነቡትን አባባን ታውቂያቸዋለሽ። ፀጉር የምታህል ክፍተት እንቅልፍ ትነሣቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሲኖሩ በዚያ ግድግዳ ፊት ጠዋትና ማታ አልፈው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

አሁን የምጽፍልሽን ለመጻፍ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ለአባባ የነገረቻቸው እናታችን አይደለችም። እኔ ነኝ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ መምህሬ የሚያውቁትን መደበቅ መዋሸት ነው ብለው አስተምረውን ነበር፤ እኔም ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። ቁርስ ላይ ተነሥቼ ቆሜ፣ ትምህርት ቤት እንደምመልሰው አድርጌ፣ ስለ መስኮቱም ስለ ማንኳኳቱም ነገርኳቸው። አልጠየቁኝም ነበር። አንቺ ትምህርት ላይ ሳለሽ አባባ ደፈኑት። ስትመጪ ከእኔ ጋር አልጋዬ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እጃቸው ላይ ጭቃ ደርቋል። ጭቃ መሆኑን አይቻለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ሁለት ጊዜ አንኳኳሽ። ቆይተሽ ደገምሽ። ቆይተሽ ሦስተኛ አንኳኳሽ። አባባ እጄን አልያዙኝም፣ ዝም በይም አላሉኝም፤ ፊቴን ብቻ ያዩ ነበር። እንድመልስልሽ እየጠበቁ ነበር ይሆን? አሁን የማስበው እሱን ነው። እኔ አልመለስኩልሽም።

በዚያው ሌሊት ሄደሽ ቀረሽ፤ በሦስተኛው ወር ደብዳቤሽ መጣ። እናታችን ማንበብ ስለማትችል የማነብላት እኔ ነበርኩ። ‹‹እናቴን ምን በድያት ነው የተናገረችብኝ?›› የሚለውን ሳልዘል አነበብኩላት። ትክ ብላ አየችኝ። ‹‹ተዪው። እኔን ትጥላኝ፤ አንቺንም ከጠላች ማን አላት?›› አለች። ተውኩት። ከዚያ በኋላ በመጣው ደብዳቤ ሁሉ፣ ወደ መጨረሻው ሰላምታ ሲደረደር፣ ሥራዋን አቁማ ታዳምጥ ነበር። እሷ የለችበትም። የሌለ ሰላምታ ማንበብ ውሸት መስሎኝ ጨምሬ አላነበብኩላትም። እሷ ግን በየመልሱ ሰላም በይልኝ ትለኝ ነበር፤ እሱን ደግሞ አልጻፍኩልሽም። ብጽፈው ትጠይቂያለሽ፣ ከጠየቅሽ የተናገርኩት እኔ መሆኔ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆና ሞተች።

ግንበኛው ይለሰንና ይቀባ ወይስ ይከፈት፣ ሰኞ ይንገሩኝ ብሎኛል። ከተለሰነ ፊቱ አንድ ወጥ ሆኖ ያምራል፤ መንገደኛው ሁሉ ጎበዝ አሮጊት ይለኛል። የአንቺን መልስ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ኋላ መጠበቁም መደበቂያ እንደሆነ ገባኝ። ይከፈታል፤ ለግንበኛውም ነግሬዋለሁ። ከዚህ በኋላ ባትጽፊልኝ አልቀየምሽም፤ በየቀኑ ግን ፖስተኛውን አያለሁ።

ለባለቤትሽ ጤናዬን ንገሪልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳይል። ልጅሽን ሳሚልኝ፣ አማችሽንም ስለ ላከልኝ መነጽር አመስግኚልኝ፤ ግራው ትንሽ ይደበዝዛል፣ ይህን ግን አትንገሪው። ትንሿ የልጅ ልጅሽ የጻፈችልኝን ገጽ አርሜ አያይዤዋለሁ፤ ስህተቱ አራት ብቻ ነው፣ ጎበዝ በያት። እናታችን ሰላም ብላሻለች። ዘግይቶ ከደረሰሽ ጥፋቱ የጸሐፊዋ ነው።

ነገ መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት እንደተከፈተ እሰጣለሁ፤ መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ ካልኩ ልቀድደው እችላለሁ። ቀጥሎ ከቁም ሣጥኑ ልብሶቹን አውጥቼ እንዲገፉልኝ አደርጋለሁ፤ ሥሩንም እጠርጋለሁ። ከዚያ አልጋው ላይ፣ አባባ በተቀመጡበት ቦታ እቀመጣለሁ። ግንበኛው አንድም ጡብ ሳይነካ፣ ከመንገዱ በኩል ቆሞ ሁለት ጊዜ እንዲያንኳኳ አዝዤዋለሁ። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ ከውስጥ አንድ ጊዜ እመልሳለሁ።

ታናሽ እህትሽ፣
ከአባባ ቤት፣ ከመንገድ ዳሩ ክፍል፣
እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።