ስለ ዳማው ፈረስና ስለ ሞተሩ አምፕሊፋየር

እንደ እናት ሆና ላሳደገችኝ ለእታለም፤

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ዳገት አትውጪ ብዬሽ ነበር፤ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። ልጆችሽን በየተራ ሳሚልኝ። እኛ ብርዱ እንዳለ ሆኖ እኔም ባለቤቴ ስሜነሽም ከብቶቹም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ድንቹ ዘንድሮ እጅግ ጥሩ ነው። አንድ ኩንታል ለይቼ ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልሽ ሚኒባስ ላይ ጭኜልሻለሁ።

ድንቹ ጉቦ ነው ብለሽ ትጠረጥሪ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ ጉቦ ነው። ጉዳዩ አባታችን ለሁለታችን ትቶልን የሞተው ዳማ ፈረስ ነው። የሞተሬ አምፕሊፋየርም አለበት። ከመቆጣትሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

መቼም የእድሩ ለፋፊ እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። ድሮ በዳማው እየዞርኩ ጡሩምባ እነፋ ነበር፤ ከአራት ዓመት ወዲህ በሞተር ሆኗል። ከኋላ ሁለት ሞንታርቦ፣ ከሥራቸው አምፕሊፋየር፣ መሪው ላይ ማይክ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የተቀዳ ጡሩምባ አሰማለሁ፣ ከዚያ የሟቹን ስም እጠራለሁ። የከብት ክትባት ሲመጣም፣ ስብሰባ ሲጠራም እኔው ነኝ። ራሴን ማመስገኔ አይደለም እንጂ ያለ እኔ ይህ አገር አይሰበሰብም።

ታዲያ ከፋሲካ ወዲህ አምፕሊፋየሩ ደከመብኝ። ሞተሩን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቆምና ጡሩምባውን ከፍቼ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ቁልቁል እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት እስከ ወንዙ ይከተለኝ ነበር። አሁን ባሕር ዛፉ ጋ ስደርስ ጭጭ ይላል። እንጅባራ ወስጄ ለይኸነው አሳየሁት። ይኸነው ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነው ልጅ ነው። ፈታው፣ ገጠመው፣ አስጮኸው፤ የጎረቤት ባለሱቆች ምን መጣ ብለው ወጡ። "ጋሼ፣ ይኼ ማሽን ምንም አልሆነም" አለኝ። ሽቦውን ቀይር አልኩት፣ ቀየረ። ባትሪውን ቀይር አልኩት፣ እሱንም ቀየረ። በሦስተኛው እንግዲያው ትልቁን አምፕሊፋየር ሽጥልኝ ስለው፣ አይሆንም፣ አያስፈልግዎትም ብሎ እምቢ አለ። ዕቃዬን አልሸጥም የሚል ነጋዴ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ተቀይሜው ወጣሁ።

ጎረቤቱም አላስቀመጠኝም። አንዷ ዶሮዎቼ እንቁላል አቆሙ ትላለች፣ ቄሱ ኧረ ቀንስልን ይላሉ፣ ዳማው ሞተሩን ባየ ቁጥር ገመዱን በጥሶ ይሮጣል። ምቀኝነት ነው ብዬ አለፍኩት። ዳማው ምን አይቶ እንደተመቀኘኝ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ነገሩ የባሰው ኅዳር ላይ ነው። የላይ ሰፈሩ አቶ ገሠሠ ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ማለዳ ተነሥቼ ጡሩምባውን እያሰማሁ ዞርኩ። ድምፁ የትም የደረሰ አልመሰለኝም። ደግሜ ዞርኩ። አሁንም ደከመብኝ። ሦስተኛ ዞርኩ። በእኛ እድር ለአንድ ሞት አንድ ዙር ጡሩምባ ነው፤ ሩቅ ያለ ሰው ስሙን ባይለይ እንኳ ጡሩምባውን ይቆጥራል። ረፋዱ ላይ አገሩ ሦስት ሰው ሞቷል ብሎ ተነሣ። ለቅሶኛው በሦስት አቅጣጫ ወጣ። ድንኳኑ አንድ ነውና የእድሩ ዳኞች ለየትኛው ሟች ይተከል ብለው ተጣሉ። ወጣቶቹ ሁለተኛውን ጉድጓድ ጨርሰው ሦስተኛውን ጀምረው ነበር።

አቶ ገሠሠ በክብር ተቀበሩ፤ ሁለተኛው ጉድጓድ ግን ባለቤት አጣ። እስከ ዛሬ የሚደፍነውም አልተገኘ። በሰፈሩ በዕድሜ የሚበልጣቸው የሌለ አቶ ምህረቴ በዚያ በኩል ማለፍ ትተው በእርሻ ዞረው ነው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት። እድሩ ጠርቶ ወቀሰኝ፤ ሁለተኛ ብሳሳት ማይኩን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡትም ነገሩኝ። እታለም፣ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ጥፋቱን ሁሉ ለማሽኑ ሰጥቼ እንግዳው የሚባለውን የአዲስ ቅዳም የከሰል ነጋዴ አስመጣሁት። እሱ ትልቅ አምፕሊፋየር አለው፤ ለጥር የፈረሰኞች በዓል ደግሞ ፈረስ ይፈልጋል። ዳማውን ዞሮ አየ፣ ጥርሱን አየ፣ ልንለዋወጥ ተስማማን። አንቺን ሳልጠይቅሽ ቃል ሰጠሁ። በድያለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ስሜነሽ አምፕሊፋየሩ ሊቀየር መሆኑን እንጂ የፈረሱን ነገር አታውቅም ነበር። ባለፈው እሑድ ከመቀየሩ በፊት እኔ ልሞክረው አለችኝ። ሞተሩን ዘንገና ሐይቁ አፋፍ ላይ አስቆመችኝ። ማዶ ስደርስ ያሰኘህን ተናገር ብላኝ ዳር ዳሩን ይዛ ዞረች። ማይኩን ስይዝ የምለው ጠፋኝ። መቼም አትሰማኝም፣ ልተንፍሰው ብዬ፣ ዳማውን ለእንግዳው እንደሰጠሁት፣ አንቺን እንዳልጠየቅሁሽ፣ እሷንም ፈርቼ እንደደበቅኋት በቀስታ ተናዘዝኩ። ማዶ ሆና ነጠላዋን አውለበለበች። አልሰማሁም ማለቷ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ተመልሳ ስትመጣ ፊቷን አየሁ። ያልኩትን አንድ ቃል ሳታስቀር ደገመችልኝ። ትቆጣለች ስል አልተቆጣችም፤ ክንዴን ይዛ ወደ ጆሮዬ ቀረበችና "አሁን ደግሞ አንተ ሂድ" አለችኝ።

ሄድኩ። ማዶ ደርሼ ዞር ስል ማይኩን ወደ አፏ አስጠግታለች። ብዙ ተናገረች፤ በመካከሉ እጇን ወደ ፊቷ ስታነሣ አየሁ። አጠገቤ ሣር የሚያጭዱ ሁለት ሴቶች ማጭዳቸውን አስቀምጠው አዳመጡ። አንዷ እኔን እያየች በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ በአገውኛ ትናገር በአማርኛ እንኳ አልለየሁም። እታለም፣ ያን ጊዜ ፈራሁ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፤ እሷ መጥታ ነው ያነሣችኝ።

ዳማው የትም አይሄድም። እንግዳውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አምፕሊፋየሩም አይቀየርም፤ ከይኸነውም ታርቀናል። አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው። ሆስፒታል የምትሠራዋን ጎረቤትሽን ጠይቂልኝ፤ ባቄላ የምታክል፣ ጆሮ ውስጥ የምትቀመጥ ማጉያ አለች ብሎኛል ይኸነው። ለማን ነው ካለችሽ ለአንድ የማውቀው ሰው በያት።

ስሜነሽን ማይኩን ይዘሽ ምን አልሽ ብላት አትነግረኝም። ሴቶቹን ብጠይቅ ይስቃሉ። የዘንገና ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ያልፋል። ስሜነሽ ቅዳሜ ዳንግላ ስትወርድ አንቺ ዘንድ ጎራ ብላ ነበር፤ ሳትነግርሽ አትቀርም። ነግራሽ ከሆነ እባክሽ ጽፈሽ እንዳትልኪልኝ። ያችን ማጉያ ብቻ ፈልጊልኝ፤ ከራሷ አፍ ልስማው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ለጥር በዓል በጤና ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምሽ፤
ከዘንገና